ባለ ሁለት ቋንቋ የኦንላይን መሸጫ ለዩኒቨርሲቲ መግዛት፦ ከፍላጎት ጥናት እስከ ርክክብ

በጨረታ ሰነድ ላይ «ሥርዓቱ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚደግፍ መሆን አለበት» ብሎ ያለፈ ኮሚቴ ምንም አልጠየቀም ማለት ይቻላል። ተጫራቹ ሁሉ ከመስመሩ ትይዩ «ያሟላል» ብሎ ይሞላል። በማሳያው ቀን ቁልፎቹ በአማርኛ ይታያሉ፤ ውሉ ይፈረማል። ጉዱ የሚወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፦ ደንበኛ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ ሲፈልግ መጽሐፉ አይገኝም፣ ደረሰኙ ላይ የገዢው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታተማል፣ ፋይናንስ ክፍሉም የተሸጠውንና የተከፈለውን ማመሳከር ያቅተዋል።

ይህ መመሪያ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለ ተቋም ግዥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ የቢሮ ሥራው በአብዛኛው በአማርኛ ይካሄዳል፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬስ በሁለቱም ቋንቋ መጽሐፍ ያሳትማል፤ ግቢዎቹ ደግሞ ከስድስት ኪሎ እስከ ቢሾፍቱ ተበታትነዋል።

ደረጃ 1፦ የሚሸጠውን ነገር በጠባዩ ለዩ

የዕቃ ዝርዝር ከየክፍሉ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሦስት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ። አንደኛው ከመጋዘን የሚወጣ ዕቃ ነው፦ መጽሐፍ፣ ጆርናል፣ ቲሸርት፣ የምረቃ ጋዋን። ሁለተኛው ከሰው ማንነት ጋር የተያያዘ አገልግሎት ነው፦ የማመልከቻ ክፍያ፣ ትራንስክሪፕት፣ የዲግሪ ማረጋገጫ። ሦስተኛው ቦታው የተወሰነ ነገር ነው፦ አጭር ሥልጠና፣ አዳራሽ፣ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል። ሦስቱ በሶፍትዌር ውስጥ ጨርሶ የተለያየ አሠራር አላቸው። ለመጽሐፍ መሸጫ የተሠራ ሥርዓት ትራንስክሪፕትን እንደ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ ያስከፍላል፤ ከዚያ ሬጅስትራር የገዢውን ፋይል ሲያይ ዕዳ ወይም የስም ልዩነት ያገኛል፤ ገንዘብ መመለስ ይመጣል። በመንግሥት ሒሳብ አሠራር ገንዘብ መመለስ ከመቀበል አሥር እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ለሁለተኛው ረድፍ «መጀመሪያ ማጣራት፣ ቀጥሎ ክፍያ» የሚለው ቅደም ተከተል በተፈላጊ ዝርዝሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ለእያንዳንዱ ነገር አምስት ቁጥሮችና መልሶች ያዙ፦ ባለፈው የበጀት ዓመት ስንት ተሸጠ፣ በስንት ብር፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ ገባ፣ ዋጋውን ማን ያጸድቃል፣ ዕቃውን ማን ያስረክባል። ንብረት ክፍሉን መጠየቅ አትርሱ። መጽሐፍ ከመጋዘን በሞዴል 20 ቅጽ ተጠይቆ በሞዴል 22 ቅጽ የሚወጣ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የኦንላይን ትዕዛዝ አንድ ሞዴል መቁረጥ አይቻልም። ለሽያጭ የተመደበ ክምችት በአንድ ሞዴል ወደ መሸጫው ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ የሚቆጥረው ቢሆን ይሻላል። ይህን ከኦዲት ክፍሉ ጋር ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌሩ ከተገዛ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ሆኖ ሥራ ያቆመባቸው ቦታዎች አሉ።

የጫናውንም ግምት እዚሁ ሥሩ። ለምሳሌ 25,000 አመልካች ቢጠበቅና 30 በመቶው በመጨረሻው ቀን ቢመጣ 7,500 ነው። ከእነዚህ 40 በመቶው በመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዓታት ከገባ 3,000፣ ማለትም በደቂቃ ወደ 17 ክፍያ ይሆናል። ሰው እኩል ተከፋፍሎ ስለማይመጣ አምስት እጥፍ አድርጉት፦ በደቂቃ 85። ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው ይህ ቁጥር ነው፤ «ከፍተኛ ጫና የሚችል» የሚል ቃል ማንንም አያስገድድም።

ደረጃ 2፦ የግዥ ዘዴውን ምረጡ

በመጀመሪያ የሕግ ክፍሉ በየትኛው ሥርዓት እንደምትገዙ በጽሑፍ ይንገራችሁ። የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 አለ፤ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ደግሞ አለ፤ ለዩኒቨርሲቲያችሁ የሚሠራውን የውስጥ መመሪያ ሳይዙ ሰነድ ማርቀቅ አይገባም። ግዥው በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት የሚወጣ ከሆነ አባሪዎቹ ሁሉ ለዚያ በሚመች መልክ ይዘጋጁ።

ከዘዴዎቹ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚመቸው የመወዳደሪያ ሐሳብ ጥያቄ ነው (ተጫራቾች መፍትሔያቸውንና ዋጋቸውን የሚያቀርቡበት)፤ የቴክኒኩና የዋጋው ፖስታ ለየብቻ። በፕሮፎርማ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚታይ ጨረታ የሚያመጣው ከበይነመረብ በነፃ የወረደ አብነት ላይ አርማችሁን የለጠፈ ድርጅት ነው። ፍላጎታችሁ ገና ያልጠራ ከሆነ ደግሞ በሁለት ደረጃ ጨረታ መጀመሪያ መፍትሔውን ተወያዩበት፣ ዋጋውን ቀጥሎ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የቋንቋውን መስፈርት ወደሚፈተን ነገር ለውጡት

አብዛኛው ግዥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ፍለጋ። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ብቻ እንይ። ሰው «ሥ» ወይም «ስ»፣ «ጽ» ወይም «ፅ»፣ «ሑ» ወይም «ሁ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ይህ ስምንት ነው። በመካከሉ ክፍት ቦታ፣ ጭረት፣ ወይም ምንም ሳይኖር ሲጻፍ ሦስት እጥፍ ሆኖ 24 አጻጻፍ ይሆናል። ከውጭ የመጣ የፍለጋ ሞተር እነዚህን እንደ አንድ ቃል አያያቸውም። ሰነዱ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ ፍለጋው ሀ-ሐ-ኀን፣ ሰ-ሠን፣ አ-ዐን፣ ጸ-ፀን ከነእርባታቸው እንደ አንድ ይቆጥራል፤ የሀና የሃን፣ የአና የኣን ልዩነትም ያልፋል፤ የሚታየው ጽሑፍ ግን ደራሲው እንደጻፈው ይቆያል። በተጨማሪ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲፈለግ «የኢትዮጵያ»፣ «በኢትዮጵያ»፣ «ስለኢትዮጵያ» የሚሉት ይወጣሉ። ልኩንም አስቀምጡ፦ ዩኒቨርሲቲው ከሚሰጣቸው 50 የፍለጋ ቃላት ቢያንስ 47ቱ ትክክለኛውን ዕቃ በመጀመሪያው ገጽ ማምጣት አለባቸው።

የመስክ ርዝመት። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በተለመደው ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 255 ባይት ተብሎ የተገደበ የርዕስ መስክ 85 የአማርኛ ፊደል ብቻ ይይዛል፤ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ከዚያ ይበልጣል። ገደቡ በፊደል ብዛት እንዲቆጠር ጠይቁ። የገጽ አድራሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል፤ 12 ፊደል ያለው ርዕስ በቴሌግራም ሲላክ 108 ምልክት ያለው የማይነበብ ሰንሰለት ይሆናል። አድራሻው በላቲን ፊደል ወይም በዕቃው መለያ ቁጥር ይሁን።

አጭር መልእክት። በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈ ኤስኤምኤስ 160 ምልክት ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል ከገባበት 70 ብቻ ነው፣ ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። 150 ምልክት ያለው የትዕዛዝ ማረጋገጫ በእንግሊዝኛ አንድ፣ በአማርኛ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል፤ ክፍያውም እንደዚያው። የአማርኛው መልእክት ከ70 እንዳያልፍ አስቀድማችሁ ራሳችሁ አርቅቁት። «ትዕዛዝ 48213 ተከፍሏል። ከሰኞ ጀምሮ 6 ኪሎ ይረከቡ» ይበቃል። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው መግቢያ በብር ይቆጠራል።

ሰዓትና ቀን። ቀላል ይመስላል፤ ግን በጣም ያጣላል። «ምዝገባ ዓርብ በ11 ሰዓት ይዘጋል» የሚለው በእንግሊዝኛው ገጽ 11፡00 ሆኖ ከተቀዳ፣ የውጭ አገር አመልካቹ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ሲሮጥ አገሬው ስድስት ሰዓት ተጨማሪ አለው፤ ወይም ሥርዓቱ በረፋዱ ይዘጋና ቅሬታው በራችሁ ላይ ይሰለፋል። መዝጊያው በውስጥ አንድ ሰዓት ሆኖ ተቀምጦ በየቋንቋው ልማድ ይታይ፤ በአማርኛው «ከቀኑ» «ከሌሊቱ» የሚለው አይቅር። የቀን መቁጠሪያውን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አስገብታችሁ ፈትኑት፤ መስከረም 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ካላለ አሥራ ሦስተኛውን ወር አያውቀውም። የገቢ ሪፖርቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መዘጋት መቻል አለበት።

ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ። የቤተሰብ ስም የሚል አስገዳጅ መስክ አይኑር፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይሁን፤ ለውጭ ዜጋ የመጨረሻው በፈቃድ። የአማርኛን ስም በማሽን ወደ ላቲን መለወጥ ክልክል ይሁን፦ ዲግሪ ላይ ካለው አጻጻፍ አንድ ፊደል ቢለይ ሰነዱ ውጭ አገር ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የላቲኑ አጻጻፍ ከሬጅስትራር መዝገብ ይምጣ። ስልክ በ09ም በ07ም ይቀበል። ሳፋሪኮም ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ቅጾች 07ን «የተሳሳተ ቁጥር» ይላሉ። አድራሻ ላይ የፖስታ መለያና የቤት ቁጥር አስገዳጅ አይሁን፤ በአገር ውስጥ የሚሠራው የመረከቢያ ግቢ መምረጥ ወይም ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የታወቀ ምልክት መጻፍ ነው።

የይዘት ደንብ። የመጽሐፍ ርዕስ አይተረጎምም፤ መግለጫው ይተረጎማል። የአንዱ ቋንቋ መግለጫ ከሌለ ገጹ ባዶ እንዳይሆን በሌላው ቋንቋ ይታይ። 600 ዕቃ ቢኖራችሁና ለአንዱ መግለጫ 15 ደቂቃ ቢወስድ በአንድ ቋንቋ 150 የሥራ ሰዓት ነው፤ ይህን የሚሠራ ሰው ከአሁኑ ይመደብ፣ አለዚያ መሸጫው በግማሽ ቋንቋ ይከፈታል። የሽያጭ ውሎቹ በሁለት ቋንቋ ሲወጡ የቱ እንደሚገዛም ይወሰን። ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ ወደፊት ሊጨመር ስለሚችል፣ ሦስተኛ ቋንቋ ያለ ኮድ ለውጥ መጨመር መቻሉን ጠይቁ።

ህትመት። ብዙ የሙቀት ወረቀት ማተሚያዎች በውስጣቸው የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ጽሑፉ እንደ ምስል ካልተላከ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ያላችሁን ማተሚያ ሞዴል በሰነዱ አባሪ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ የገንዘቡን መንገድ ሳሉ

በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ካላቸው የክፍያ አገናኞች (ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይ የመሳሰሉት) አንዱ በቂ ነው ወይስ ከቴሌብርና ከሲቢኢ ብር ጋር በቀጥታ ትገናኛላችሁ? ቀጥታው ኮሚሽን ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ማመሳከሪያው በየሥርዓቱ ይባዛል። በአንድ አገናኝ ጀምሩ፣ ሁለተኛ መጨመር እንዲቻል ጠይቁ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አትልቀቁ፦ የነጋዴ ሒሳቡ (ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ የሚገባበት) በዩኒቨርሲቲው ስም ይከፈት። «እኛ ሰብስበን በየሳምንቱ እናስገባለን» የሚል ተጫራች የሕዝብ ገንዘብ በኪሱ ለመያዝ እየጠየቀ ነው።

በጣም የሚያጋጥመው ብልሽት ይህ ነው፦ ደንበኛው የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡ ይቆረጣል፣ በዚያች ቅጽበት ኔትወርክ ይጠፋል፣ የ«ተከፍሏል» ማሳወቂያው ለመሸጫው አይደርስም። ትዕዛዙ «በመጠባበቅ ላይ» ብሎ ይቀራል። ሰውየው እንደገና ይከፍላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ሥርዓቱ ማሳወቂያ ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ ራሱ በ5፣ በ15ና በ60 ደቂቃ የክፍያውን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ደግሞም ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ማጣቀሻ ቁጥር ይኑር፣ ሁለተኛ ክፍያ ከመጣ ለብቻ ተይዞ ለተመላሽ ይታይ። ማሳወቂያው ከእውነተኛው አገናኝ መምጣቱና የተከፈለው ብር ከትዕዛዙ ዋጋ ጋር እኩል መሆኑ በአገልጋዩ (በሰርቨሩ) በኩል ይረጋገጥ፤ ዋጋውን ከደንበኛው ስክሪን የሚቀበል ሥርዓት የ800 ብር መጽሐፍ በ8 ብር ይሸጣል።

የየዕለቱ ማመሳከሪያ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ትዕዛዝ፣ የአገናኙ ዝርዝር፣ የባንክ መግለጫ። ባንክ የሚገባው ኮሚሽን ተቀንሶ ስለሆነ ጠቅላላው ሽያጭ እንደ ገቢ፣ ኮሚሽኑ እንደ ወጪ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው። ታክስ በዕቃ ደረጃ ይሁን። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበትና ነፃ የሆነ ነገር በአንድ ቅርጫት ሊገቡ ስለሚችሉ ለመሸጫው በሙሉ አንድ ምጣኔ ማስቀመጥ አይሠራም። ደረሰኙ የገቢዎች ሚኒስቴር በሚቀበለው መንገድ መውጣቱን ከመክፈታችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ ትራንስክሪፕት የሚጠይቅ ተመራቂ በውጭ ካርድ ነው የሚከፍለው። ለዚህ የካርዱ ቁጥር በእናንተ አገልጋይ የማያልፍበት፣ በአገናኙ ገጽ ላይ የሚሞላ መንገድ ይሁን፤ የውጭ ምንዛሪው በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባም ከባንኩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደረጃ 5፦ ዋጋውን በአምስት ዓመት፣ ነጥቡን በወረቀት ላይ ፈትኑ

የመጀመሪያ ዓመት ዋጋ ያሳስታል። ምሳሌ፦ የአገር ውስጥ ድርጅት ለግንባታ 4 ሚሊዮን ብር ቢጠይቅ፣ ከዋስትናው ዓመት በኋላ ለአራት ዓመት ጥገና በየዓመቱ 600,000፣ አገልጋይ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 400,000 ቢሆን፣ ድምሩ 8.4 ሚሊዮን ነው። በየዓመቱ 12,000 ዶላር የሚከፈልበት የውጭ ኪራይ አገልግሎት ዶላሩ በ140 ብር ሲሰላ እሱም 8.4 ሚሊዮን ይመጣል። ዶላሩ 170 ቢገባ ግን 10.2 ሚሊዮን። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ በዶላር ውል የነበራቸው ተቋማት ዕዳቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የውጭ ኪራይን መከልከል አያስፈልግም፤ የምንዛሪውን አደጋ ማን እንደሚሸከም ግን የዋጋ ቅጹ ላይ ይጻፍ።

የቴክኒክና የዋጋ ክብደት ከመወሰኑ በፊት በምናብ ተጫራቾች አስሉት። ተጫራች «ሀ» በቴክኒክ 85 ከ100፣ ዋጋው 9 ሚሊዮን፤ ተጫራች «ለ» 68 ከ100፣ ዋጋው 6 ሚሊዮን ይሁን። ቴክኒክ 70፣ ዋጋ 30 ይዞ ዝቅተኛው ዋጋ ሙሉ ነጥብ በሚያገኝበት የ70/30 ስሌት «ሀ» 59.5 ሲደመር 20፣ ማለትም 79.5፤ «ለ» 47.6 ሲደመር 30፣ ማለትም 77.6 ያገኛል። በ60/40 ግን «ለ» 80.8 ሆኖ «ሀ»ን በ77.7 ይጥለዋል። 68 ያገኘው በአማርኛ ፍለጋና በማመሳከሪያ የወደቀው ከሆነ የትኛውን ትፈልጋላችሁ? መልሱ ክብደቱን ይወስናል፤ ከታወጀ በኋላ ግን አይነካም። የቴክኒክ ማለፊያ 70 አድርጉ፣ ከውስጡም የቋንቋና የክፍያ ፈተናዎች የየራሳቸው ማለፊያ ይኑራቸው።

ደረጃ 6፦ ማሳያውን እናንተ ምሩት

ተጫራቹ ስላይድ ይዞ አይምጣ። ከሦስት ቀን በፊት 200 መጻሕፍት ያሉበት ሲኤስቪ ፋይል (ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ስጡት፤ በዕለቱ ያላየው 20 ጨምሩ። ለሁሉም ተጫራች እኩል 90 ደቂቃ፣ አንድ ዓይነት የፈተና ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ገምጋሚ። ከፈተናዎቹ ውስጥ እነዚህ አይቅሩ፦ ከላይ ያሉት የፍለጋ ቃላት፤ 120 ፊደል ያለው የአማርኛ ርዕስ፤ በክፍያ መካከል ኔትወርክ ማጥፋት፤ ለአንድ ትዕዛዝ ሁለቴ መክፈል፤ ከሁለት ዕቃ አንዱን ብቻ መመለስ፤ በ07 ስልክ መመዝገብ፤ ቋንቋ ሲቀየር ቅርጫቱ ባዶ አለመሆኑ። ስልኩ ርካሽ አንድሮይድ ይሁን፣ ኔትወርኩም የሞባይል ዳታ። በቢሮ ዋይፋይና በላፕቶፕ ያልተሳካለት ሥርዓት አይተን አናውቅም።

በመጨረሻ መረጃውን ወደ ውጭ አስወጥቶ ኤክሴል ላይ ይክፈተው። አማርኛው ተበላሽቶ ከታየ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ላይ የዩቲኤፍ-8 መለያ ምልክት ስላልተጨመረ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ማስተካከያ ነው፣ ግን ተጫራቹ ምክንያቱን ማወቁና አለማወቁ በአማርኛ መረጃ ከዚህ በፊት ሠርቶ እንደሆነ ይናገራል።

ደረጃ 7፦ ውሉ

ክፍያውን ከሥራ ውጤት ጋር እሰሩት፦ 20 በመቶ በዋስትና የሚሰጥ ቅድሚያ፣ 20 በመቶ ዲዛይኑ ሲጸድቅ፣ 30 በመቶ የርክክብ ፈተናው ሲያልፍ፣ 20 በመቶ 90 ቀን በሥራ ላይ ከቆየ በኋላ፣ 10 በመቶ የዋስትናው ዓመት ሲያልቅ። ለቅድሚያ ክፍያና ለውል ማስከበሪያ የግዥ መመሪያችሁ ያስቀመጠውን ገደብ ጠብቁ። የማሳያው የፈተና ወረቀት የውሉ አባሪ ይሁን፤ «በማሳያው ሠርቶ ነበር» የሚለው ክርክር በዚህ ይዘጋል።

የድረ ገጽ አድራሻው፣ የመተግበሪያ መደብር ሒሳቦቹና የአገልጋይ ዋና የይለፍ ቃል በዩኒቨርሲቲው ስም ይሁኑ። ለእናንተ ብቻ የተጻፈው ኮድ የእናንተ ነው፤ ተከራይታችሁ ከሆነ ደግሞ ውሉ ሲያልቅ በ30 ቀን ውስጥ መረጃው ሁሉ የሚመለስበትን መልክ ጻፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በገዢዎች መረጃ ላይም ስለሚሠራ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ለብቻው አንቀጽ ይሻል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የደኅንነት ፍተሻ ከመክፈቻው በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ወረፋውና ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያዙለት፣ የሚገኙ ክፍተቶችን ያለ ተጨማሪ ዋጋ መድፈንም የሻጩ ግዴታ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ርክክብና የመጀመሪያው ወር

በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ኮሚቴዎች በግንቦት ተጣድፈው ይፈርማሉ፤ ሻጩም ያልተፈተነ ነገር «ተረክበናል» አሰኝቶ ይሄዳል። ፍላጎት ጥናቱ በመስከረም ከተጀመረ ጨረታው በታኅሣሥ፣ ውሉ በየካቲት ሊደርስ ይችላል። መክፈቻውን ከምዝገባ ወቅት አርቁት። በመጽሐፍ ሽያጭ በአንድ ግቢ ጀምሩ፤ ማመሳከሪያው 30 ቀን በተከታታይ ያለ ልዩነት ከተዘጋ በኋላ የማመልከቻ ክፍያውን ጨምሩ፤ ትራንስክሪፕት የመጨረሻው ይሁን።

በዚያ የመጀመሪያ ወር ሁለት ዝርዝሮች በየቀኑ ይታተሙ። አንደኛው ከ24 ሰዓት በላይ «በመጠባበቅ ላይ» የቆዩ ትዕዛዞች ሲሆን ለፋይናንስ ክፍል ይሂድ። ሁለተኛው ምንም ውጤት ያላመጡ የፍለጋ ቃላት ነው፤ ለይዘት አዘጋጆቹ ይድረስ። ከሁለተኛው ዝርዝር ላይ «ስነፅሁፍ» የሚል ቃል ካያችሁ የ90 ቀኑን 20 በመቶ አትልቀቁ።